አይቆረጥ የተባለው ማሽላ

ሰኞ ነሐሴ 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

አጠጣሁ። ቱቦው ዛሬም ወገቡ ላይ ያፈሳል። የግቢውን በር የሚከፍቱልን ጋሼ አየለ በላስቲክ አስረውት ነበር፣ አልያዘም። ቀሚሴ ረጥቧል። እስኪደርቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

የእኔ ማሽላ አሁንም ቅጠል ብቻ። አጥሩን በቁመት አልፎታል። አገዳው የእጄን አንጓ ያክላል። ፍሬ የሚይዝበት ራስ የለውም። ጎኑ ያለው ድቅሉ፣ ያ ድንክ፣ ራሱን አውጥቶ አበባውን ጨርሷል። ምርጥ ዘር የሚሉትም ተከትሎታል። ሁሉም በአንድ ቀን ነው መሬት የገቡት። እኔው ነኝ አብሬ የዘራኋቸው።

አንቺ ደብተር አዲስ ነሽ፣ ልንገርሽ። እዚህ ሰው አገር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከወ/ሮ ፀዳለ ባልትና ሱቅ ጀርባ አስፋልቱ ተነስቶ ባዶ የቀረ መሬት አለ። ረድኤት የምትባል ልጅ፣ ፓሳዴና የምትማር፣ መሬቱን ለምና ማሽላ ዘራችበት። ሦስት ዓይነት ነው። ነባሩ፣ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ እየመረጠ ያቆየው። ምርጡ፣ የምርምር ሰዎች ከነባሩ ለቅመው ያጠሩት። ድቅሉ፣ ሁለት ወላጅ አዳቅለው በየዓመቱ አዲስ ዘር የሚያወጡለት። በዚህ አፈርና በዚህ ፀሐይ የትኛው እንዴት እንደሚሆን ታወዳድራለች። እያንዳንዱን ሦስት ቦታ ከፋፍላ ዘርታዋለች፣ አንዱ መደብ ጥላ ቢያገኘው ሌላው ፀሐይ እንዲያገኝ። የትምህርቷ መጨረሻ ይሄ ነው፣ ይሄ ከተሳካላት ትመረቃለች።

የነባሩን ከረጢት ስትፈታ በዓይኔ አወቅሁት። ደጋሌት። የቆቦ ማሽላ፣ የአባቴ ማሳ። ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ። ይሄ ሁለቱን ያስከነዳቸዋል አልኩ። ልጅቱ ደስ ብሏት ከተረፈው አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «የእትዬ ዘውድነሽ» ሆነ። ምን አፌን አስከፈተኝ።

ዛሬ ወ/ሮ ፀዳለ በጓሮ በር ብቅ አለች። «እትዬ ዘውድነሽ፣ ማሽላዎ የመብራት እንጨት ሊሆን ነው እንዴ? ሽቦ ልግዛለት?» ውስጥ ያሉት ደንበኞች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፊቴ ነደደ።

ቀሚሴ ደርቋል። ልሂድ።


ቅዳሜ ነሐሴ 17

ረድኤት መጣች። ኮፍያ፣ ሜትር፣ የፕላስቲክ ሳጥን። ቁመት ለካች። ከየመደቡ መሐል የተወሰኑትን ለይታ ቢጫ መለያ አሰረችባቸው። ሲደርሱ የሚመዘኑት እነዚህ ብቻ ናቸው አለች። የዳሮቹ አይቆጠሩም። ንፋሱም ወፉም መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው፣ ብርሃንም ብቻቸውን ስለሚጠጡ ያታልላሉ። ከዳር ብትፈልጉ ብሉ፣ የመሐሉን ግን አደራ አለችን።

አንቺ ነው የምትለኝ። «እትዬ፣ ይቺን ያዢልኝ።» እትዬና አንቺ አብረው ሲሄዱ እዚህ ነው የሰማሁት። ክፋት የላትም፣ እዚሁ ስላደገች ነው ይላሉ። ይሁን።

መለያውን በአማርኛ ጽፋዋለች፣ ለእናንተ ብዬ ነው አለች። ከዚያ እኔን አየችና ቶሎ ብላ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እኔ እኮ ሁልጊዜ መነጽሯን የምትረሳዋ ሴትዮ ነኝ። ሆስፒታል መነጽሬን ረሳሁ። ባንክ መነጽሬን ረሳሁ። ልጄ ሰናይት ነች የምትሞላልኝ፣ እኔ ጣቴ ያረፈበት ላይ እፈርማለሁ።

ሁሉም ዞር ሲሉ ተጠግቼ ራሴ አነበብኩት። ድቅል። አይቆረጥ። አንድም ፊደል አላስቸገረኝም። ጋሼ አየለ አጥሩ ጋ ቆመው ያዩኛል። ቅንድባቸውን አነሱ፣ እንደ ፈተና። ራሴን ነቀነቅሁ።

ማንበብ መቻሌን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሰኔ በፊት ጀምረው በዚህ አግዳሚ ላይ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ደብተር ግዢና የዋልሽበትን ጻፊ አላሉም፣ «ደብተር ይግዙና የዋሉበትን ይጻፉ» ነው ያሉኝ። አንቱታቸው ራሱ ደስ ይለኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው፣ አሁን ሥራቸው የዚህን ግቢ በር መክፈትና መዝጋት ነው። ማንም አልቀጠራቸውም። ቁልፉን እንደ ሹመት ነው የያዙት። ሲሄዱ ከቀለም ቆርቆሮው ሥር ያስቀምጡታል፣ እኔ ማልጄ እንዳጠጣ። ቦታውን ለሌላ ሰው አልነገሩም።

ልጅ ሆኜ ወንድሞቼ ተማሪ ቤት ሲሄዱ እኔ ማማ ላይ ነበርኩ። ማሽላው ፍሬ ከያዘ እስኪታጨድ ወፍ መጠበቅ። ወንጭፍ በእጄ፣ ድምፄ እስኪዘጋ። ፊደሌን የበላው ማሽላ ነው። ያንኑ ማሽላ የእኔ ነው ብዬ ሰው ፊት እኮራለሁ። ሞኝ።


እሁድ ነሐሴ 25

ከቤ/ክ መልስ ሱቁ ውስጥ ተቀመጥን። አንድ ሰውዬ ለእንቁጣጣሽ እሸት ማሽላ ቢኖር አለ። ወ/ሮ ፀዳለ እሸቱማ ከመብራት እንጨት አይወርድም አለች። ሳቅ።

የምጽፈውን እጄ እምቢ ይላል። ግን ብያለሁ።

ሃውቶርን፣ ከልጄ ጋር የምኖርበት ቤት ጓሮ ያቺን አንድ እፍኝ ዘርቻታለሁ አልኩ። እዚያ ራስ አውጥቷል አልኩ። ለእንቁጣጣሽ እሸት አመጣላችኋለሁ አልኩ። ሦስት ውሸት በአንድ ትንፋሽ። ሱቁ ሙሉ አጨበጨበልኝ።

የልጄ ጓሮ ሲሚንቶ ነው። በርሜል ውስጥ የቆመች አንዲት ሎሚ አለች፣ ሌላ የለም። ዘሩ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ በሲኒ ተቀምጧል። ጋሼ አየለ ደጋግመው ቤቴ አድርሰውኛል፣ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ሎሚ ቆርጬላቸዋለሁ። ይሄን ስዋሽ ሱቁ ጥግ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር። ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም አማሰሉ።


ሰኞ ጳጉሜን 3፣ ረፋድ

የሙቀት ሳምንት። ቱቦው ጨርሶ ተበጠሰ፣ ሁለት ቀን ውሃ አልነበረም። የድቅሉ ቅጠል እንደ ሲጃራ ተጠቀለለ። ምርጡም ጫፉ ነደደ። ደጋሌት ምንም አልሆነ። እንደ ጠዋት አረንጓዴ። ይሄን ለወ/ሮ ፀዳለ ነገርኳት። ቅጠል ይበላል ወይ አለችኝ። ለከብት እንደሚሆን፣ አገዳው ለማገዶና ለጣሪያ እንደሚሆን ነገርኳት። እዚህ ፌርፋክስ ላይ ላም ያለው ማን ነው አለች። እውነቷን ነው።

ማንም ሳያየኝ የደጋሌቱን የላይኛ ቅጠል በጥፍሬ ሰነጠቅሁ። ውስጡ ራስ ይኖር እንደሆነ። ቅጠል ውስጥ ቅጠል። የሰነጠቅሁትን መልሼ ጠቀለልኩት። እፍረት ተሰማኝ፣ ሰው ልብስ ገልጬ ያየሁ ያህል።

ከነገ ወዲያ እንቁጣጣሽ ዋዜማ። በቆሎ እሸት ገበያ ሞልቷል። በቆሎ ግን ማሽላ አይደለም።


ረቡዕ ጳጉሜን 5፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

ቆረጥኩ።

ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገባሁ። ቁልፉ ከቆርቆሮው ሥር ነበር። መጀመሪያ ወደ ዳሩ ሄድኩ፣ እውነት እልሻለሁ። ወፍ ጨርሶታል። የቀረው ግማሽ ባዶ ራስ። እናቴ ከዳር የተቆረጠ እሸት ለሰው አታቀርብም ነበር። የመጀመሪያ እሸት ከማሳው መሐል፣ ካማረው ነው የሚቆረጠው፣ ጎረቤት ሳይቀምስ ቤተሰብ አይቀምስም። እጄ ያንን ያውቃል። ወደ መሐል ገባ።

መሐሉ ያማረ ነው። ሁሉም አንድ ቁመት፣ ራሱ ጥብቅ ያለ፣ ስትጨብጪው ወተቱ ሊደርቅ የተቃረበ። ልክ የእሸት ጊዜው። ቢጫው መለያ ንፋስ ያወዛውዘዋል።

አነበብኩት። ድቅል። አይቆረጥ። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ቢላዋውን አወጣሁ።

የመጀመሪያውን መለያ ከአንገቱ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ሌሎቹንም እየፈታሁ ቆረጥኩ፣ ከሁለት መደብ። የጣልኩት የለም፣ መጣል አልቻልኩም። በሻሽ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ወፍ ስጠብቅ ያደግሁ ሰው፣ ዛሬ ወፏ እኔ።


ሐሙስ መስከረም 1፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

በሱቁ ጓሮ በከሰል ጠበስነው። ሰው በመዳፉ እያሸ፣ ገለባውን እየነፋ በላ። አንዲት የወሎ ሴትዮ ከየት አመጣሽው እያለች እጄን ሳመች። ወ/ሮ ፀዳለ ሰው ፊት ቆማ፣ እትዬ አፌን ዘጉኝ አለች። የመብራት እንጨቷን ነገር ይቅር በሉኝ አለች። ያን ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ሲመጣ ዞር ብዬ ከሰሉን አራገብኩ።

የድቅሉ ፍሬ ደቃቅ ነው። የደጋሌት ፍሬ እንዲህ አይደለም፣ ማሽላ ያየ ያውቃል። ማንም አላወቀም።

ጋሼ አየለ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው አዩት። ከዚያ በሉት። «እንኳን አደረሰዎ» አሉኝ።


ቅዳሜ መስከረም 3

ረድኤት መጣች። ድቅሉ መደብ ውስጥ ገባች፣ ቆይታ ወጣች። መሬት ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። የተቆረጠውን አንገት በጣቷ ነካች። ወፍ በቢላዋ አይቆርጥም አለች።

ከሦስቱ የድቅል መደቦች የሁለቱ መለያ ያለባቸው የሉም። የእነሱ ክብደት ከሌለ ድቅሉን ከምርጡና ከነባሩ ጋር ማወዳደር አትችልም። ሦስት ቦታ ያከፋፈለችው ለዚህ ነበር፣ አንድ ቦታ ብቻውን አይታመንም። እንግዲህ የአንዱን መደብ ነው የምትመዝነው፣ መምህሯ ይቀበላት እንደሆነ አታውቅም።

የሱቁ ሠራተኛ የበዓሉ ዋዜማ የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር አለች። እኔ ነኝ። ስሮጥ አልቆለፍኩትም። ወ/ሮ ፀዳለ ወደ ጋሼ አየለ ዞረች። ቁልፉ የማን እጅ ነበር?

ለማሰብ አልቆዩም። «ረስቼው ይሆናል» አሉ።

«ጋሼ፣ አንድ በር እኮ ነው የሰጠንዎ» አለች። መዳፏን ዘረጋች። ሰው ሁሉ ፊት። ቁልፉን ከአንገታቸው ሲያወጡ ማሰሪያው ጆሯቸው ላይ ተያዘ፣ እሷ ናት ያላቀቀችላቸው።

ቀጥሎ የሆነውን መጻፍ አለብኝ። ረድኤት ተነስታ አቧራዋን አራገፈችና በእንግሊዝኛዋ ሶ ብላ ጀመረች፣ ጥፋቱ የእኔም ነው አለች። የቆረጠው ሰው ማንበብ የማይችል ይሆናል፣ በቀለም ምልክት ማድረግ ነበረብኝ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሳላስብላቸው ቀረሁ አለች። ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። አልጠረጠረችኝም። አዘነችልኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ።»

ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን።

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ነኝ፣ ምን እንደሚል አላወቅሁም ብል አቅፋኝ ነበር የምታለቅስልኝ። አፌን ከፈትኩ። ጋሼ አየለ ጫማቸውን ያያሉ። ማንበብ እንደምችል በዚህ ዓለም የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ባሉበት አላነብም ማለት አልቻልኩም። አነባለሁ ማለትም አልቻልኩም። ዘጋሁት።


ሐሙስ መስከረም 8

አግዳሚው ባዶ። ወ/ሮ ፀዳለ በሩን ስትፈልግ ትከፍታለች፣ ሳትፈልግ ትተወዋለች። ውሃው ቀትር ላይ ደረሰ። ለማሽላ ቀትር ውሃ ምን ያደርግለታል።

ጋሼ ከቤ/ክ ጋዜጣ እየቀደዱ ያመጡልኝ ነበር። ያነበብኩትን ደግሜ አነበብኩ። አዲስ የሚያመጣ የለም። እንግዲህ ራሴንም ነው የቀጣሁት። ደግ አደረግሁ።


ቅዳሜ መስከረም 10

የባሰ ነገር። ረድኤት የሃውቶርኑን ሰማች።

ሮጣ መጣች፣ ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ። እውነት ነው ወይ፣ ደጋሌት ከእንቁጣጣሽ በፊት እሸት ሰጠ ወይ? ሱቅ ውስጥ ነበርን። አዎ አልኩ። ሰው ሁሉ በልቶታል፣ ምን ልበል።

ከዚያ ጓሮ ወስዳ አስረዳችኝ። ቁጭ ብላ፣ በእንጨት መሬት ላይ ፀሐይ እየሳለች። እኛ አገር ክረምትም በጋም ቀኑ ብዙ አይለያይም። እዚህ ግን በበጋ ቀኑ ይረዝማል። ደጋሌት ቀኑ ማጠሩን ካላየ ራስ አያወጣም፣ የአገሩ ዝናብ መውጫውን የሚያውቀው በዚያ ነው። እስከዚያ ዝም ብሎ ይረዝማል። ድቅሉና ምርጡ እንዲህ ያለውን ነገር እንዳይጠብቁ ሆነው ነው የተመረጡት። ስለዚህ ደጋሌት ሰነፍ አይደለም አለች። እየጠበቀ ነው። የእኔ ግምት ይሄ ነበር አለች።

ነበር። ምክንያቱም የእኔ ሃውቶርን ላይ ራስ አውጥቷል። ሃውቶርን ላይ ካወጣ ግምቷ ስህተት ነው፣ ምናልባት እዚያ ቅርብ ያለው የባሕሩ ንፋስ ይሆናል፣ ሌላ ነገር ይሆናል። የጻፈችውን አውጥታ እዚያው ፊቴ ሰረዘችው። ኮምፒዩተር ላይ ነው፣ አንድ ጣት ብቻ ነካች፣ ጠፋ።

መጥታ ማየት አለባት። አሁን ፈተና ላይ ናት። «ኦኬ እትዬ፣ ጥቅምት 8 እዚህ የቀረውን መዝኜ ስጨርስ ድራይቭ አድርጌ ቤትሽ እወስድሻለሁ፣ ቼክ እናደርገዋለን።» እሺ አልኩ።

እየጠበቀ ነበር። ማሽላው ምንም አላጠፋም። ያፈርኩበት እኔ ነኝ። እሱ የለመደውን ሰማይ እየፈለገ ቆሞ፣ እኔ በሰው ሳቅ ጎኑ ቆሜ አፍሬበት፣ በጥፍሬ ሰንጥቄው። ደግሞ በስሙ ዋሸሁ።


ማክሰኞ መስከረም 20

ጋሼ አየለን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋቸው። ቁጭ ብለዋል። አውቶቡስ መጣ፣ አልተሳፈሩም። ሌላ መጣ፣ አልተሳፈሩም። የት ሊሄዱ ነው አልኳቸው። የትም አሉ፣ ጠዋት ጠዋት መውጣት ለምጄ።

ምን አነበቡ አሉኝ። ምንም አልኩ። «ተማሪ ሲጠፋ አስተማሪው ነው መሰል የሚባረረው» አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እንዲጠይቁኝ ፈለግሁ። ፊቴን እያዩ፣ የቆረጡት እርስዎ ነዎት ወይ ቢሉኝ እናገር ነበር። ሰው ካልጠየቀኝ ለመናገር አቅም የለኝም። አልጠየቁም። በደሉዎት አልኳቸው። ያለችኝ ቃል ይቺ ናት፣ በደሉዎት፣ እነሱ። ቁልፍ ነው፣ ሌላ ምን አለው አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እርስዎ ግን ንባቡን እንዳይተዉት» አሉ።

ምን ዓይነት ሰው ናቸው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው እንዲህ ሲሆንልኝ አላየሁም፣ ባየሁበት ቀን የማደርገው ይህ።


እሁድ ጥቅምት 2፣ ከሰዓት

ሁለት መውጫ አዘጋጅቻለሁ። አንዱ፣ የሃውቶርኑን ማሽላ አከራዩ ነቅሎት አገኘሁ ማለት። ረድኤት ግን ሲሚንቶውን ታያለች። ሌላው ያ የተሰጠኝ ነው። ማንበብ አልችልም።

ሁለተኛውን በሰናይት ላይ ሞከርኩት። ከሥራ መጥታ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ግሌንዴል የምታስታምመውን ሽማግሌ ስታነሳ ስታስተኛ ውላ። የረድኤትን ማሽላ የቆረጥኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ አንድ ነገር ተጽፎበት ነበር መሰለኝ አልኩ። መሰለኝ አልኩ። ልጄ ፊቷ ተለወጠ።

«ውይ እማዬ። ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊ? ማንበብ አትችዪ። ማን ይቀየምሻል? እኔ ቴክስት ላድርግላት፣ በቃ።»

ስልኳን አነሳች። ሁለት ቃል ብትጽፍ ነገሩ አለቀ። ጋሼ አየለም ቁልፋቸውን ያገኛሉ፣ ረድኤትም ትረዳኛለች፣ የሃውቶርኑንም አሮጊት ተምታቶባት ነው ይሉታል። ሁሉም ያዝንልኛል። አሁን አይደለም አልኳት። እግሯን አደረቅሁላት።

ዕድሜዬን ሙሉ ባለማንበቤ ሲያዝኑልኝ በጥርሴ ይዤ ኖርኩ። አሁን ያንኑ ሐዘን ተሸሽጌበት ልወጣ። ደግሞ ምን ቀረሽ ዘውድነሽ።


ሐሙስ ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

የደጋሌት የላይኛ ቅጠል አብጧል።

መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። መሰላል ለምኜ ወጣሁ፣ የሱቁ ሠራተኛ እግሩን ያዘችልኝ። በጥፍሬ አልነካሁትም። የአንዱ ጫፍ ተከፍቶ ራሱ ብቅ ብሏል፣ የጣት ያህል። ጎኑ ያለውም አብጧል። በሦስቱም መደብ። ቀኑ አጠረ፣ እሱም ወጣ።

ልጅቱ ልክ ነበረች። ከመጀመሪያው ልክ ነበረች። የሰረዘችው እኔን አምና ነው።

ሠራተኛዋ ከታች ምን አዩ እትዬ ትለኛለች። ምንም አልኳት። ይሄን እንዲያይ የፈለግሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ በሩን መክፈት አይፈቀድላቸውም።

ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ሁሉንም ከላይ አየሁ። ድንኩ ድቅል ቡናማ ሆኗል፣ ለማጨድ ደርሷል፣ መሐሉ እኔ ያጎደልኩት ቦታ ክፍት ነው። ምርጡ እኩል ቆሟል፣ ወፍ ቢሻማውም ጥሩ ይዟል። የእኔው ከሁሉም በላይ ቆሞ ገና እየጀመረ። የትኛው በለጠ ቢሉኝ አላውቅም። የት ተበቅሎ ብዬ እጠይቃለሁ። ይሄን ከረድኤት ነው የተማርኩት፣ ልነግራት ይገባ ነበር። እንደ ማማ ነው፣ ከላይ ሁሉም ይታያል። ጥበቃ የቆመ ሰው ማማው ላይ ሆኖ ራሱን ብቻ ነው የማያየው።


ቅዳሜ ጥቅምት 8፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ

ፊደሌ ይንቀጠቀጣል፣ መንገዱ ነው።

ለጋሼ አየለ ትናንት ስልክ ደወልኩ። ነገ እዚያ ይምጡልኝ አልኳቸው። በሩ ጋ እንዳልታይ አሉ። ይምጡልኝ አልኩ። እመጣለሁ አሉ። ለምን ብለው አልጠየቁም።

የወሰንኩት ይህ ነው። ረድኤት ሚዛኗን ከማውጣቷ በፊት እናገራለሁ። ወ/ሮ ፀዳለም ባለችበት፣ ቁልፉን የተቀበለችው ሰው ፊት ስለሆነ። ሃውቶርን ማሽላ የለም እላለሁ፣ ሲሚንቶ ነው፣ የሰረዝሽውን መልሺው፣ ቀና ብለሽ ደጋሌቱን እዪ እላለሁ። የሰጠችኝን ዘር ከነሲኒው ይዤዋለሁ። በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ መልሺ እላለሁ። ሰናይት ልምጣ አለችኝ፣ እንዳትመጪ አልኳት። እሷ ካለች ታዝንልኛለች።

ምን ይሉኝ ይሆን። ረድኤት ምናልባት አንቺ ማለቷን ትታ ምንም አትለኝም። ወ/ሮ ፀዳለ ለዓመት የምታወራው አገኘች። ጋሼ አየለ አግዳሚው ላይ ከእኔ ጋር ይቀመጡ እንደሆነ አላውቅም። ይህ ከሁሉም ያስፈራኛል።

እዚያ ስደርስ ረድኤት ያቺን ቃሏን ትደግማለች፣ አውቃለሁ። ምንም አይደለም እትዬ፣ ማንበብ ስለማትችዪ ነው ትላለች። በደግነት ትላለች። እዚያ ላይ ነው መሸነፍ የሌለብኝ።

መለያዎቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው። አንዱን በእጄ ይዤዋለሁ። መነጽሬን አድርጌያለሁ። አልረሳሁትም። መናገር ቢያቅተኝ እንኳ ይሄን አደርጋለሁ። መለያውን ወደ ብርሃኑ አነሳና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሁለቱንም ቃል ጮክ ብዬ አነ…

ፌርፋክስ ደረሰ። ጋሼ አየለ ማቆሚያው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።